አባቴን ያናገራቸው አስናቀ

የአስናቀን ማረፍ ለአባቴ ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሙ ከሞላሌ ደወለና "ለጋሼ እንዴት አድርገሽ እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ሸክሙን ጥሎብኝ ስልኩን ዘጋው። እኔ ግን አላውቅም። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ መርዶ ማርዳት ማንም አላስተማረኝም። ሳሎን ገብቼ በቁሜ፣ "አባባ፣ አስናቀ አረፈ" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው እናቴን የቀበርን ዕለት እንኳ ዓይናቸው አልረጠበም። ዕድሜ ልካቸውን በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቃል ከአፋቸው በመከራ የሚወጣ ሰው ናቸው። እኔን የሚያናግሩኝ "በሩን ዝጊው" ወይም "መብራት መጣ?" ለማለት ነው። አንቱ እያልኳቸው አደግኩ፣ አንቱ እያልኳቸው ይኸው ጎልማሳ ሆንኩ። ታዲያ ለተከራያችን እንዲህ ሲነፈርቁ ሳይ፣ ሰውየው ገና አፈር ሳይለብስ ቀናሁበት። በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ! "እኔ ብሞት እንዲህ ያለቅሱልኝ ይሆን?" ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

አስናቀ መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግን ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ተከራይቶ ለዓመታት ኖሯል። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ቀጭን፣ ሳቁ የሚቀድመው ሰው ነበር። ልጅነቱን ደብረ ብርሃን አጎቱ ዘንድ ነው ያሳለፈው፤ አጎትየው ትምህርት ቤት የላከው ሲመስለው ልጁ ጌም ቤት ይውላል። "አጎቴ ሐኪም ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ነበር" ይለኛል እየሳቀ፣ "እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስንቱን ቤተ መንግሥት ሰብሬ ገብቻለሁ መሰለሽ!" የሁለቱ እጆቹ አውራ ጣቶች የጌም መጫወቻውን ጆይስቲክ ሲገፉ ከመኖራቸው የተነሳ ጠንክረዋል። የመንዝ ብርድ እንደምታውቁት አይማርም፤ ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ያጠልቃል፣ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይደርባል፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አፉ ጋ አስጠግቶ እፍ ይልባቸዋል። ያቺን እፍታ ስሰማ አንጀቴ እርር ይል ነበር፤ ምክንያቱን ወደፊት ትሰሙታላችሁ።

ስለ ጌም ከተነሳ ማንም አይችለውም። ሱቁ ውስጥ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ሳይጠይቅ ትምህርት ይቀስማል። አንድ ቀን የተሰበረ ስክሪን ላሠራ ሄጄ፣ አንዱ ተማሪዬ በብር የሚገዛ ጎራዴ ያለበትን ጌም እያሳየ ሲኩራራ ደረስኩ። አስናቀ መፍቻውን አስቀመጠና አየው።

"ይሄን ጎራዴ ምን ሠርተህ አገኘኸው?"

"ገዛሁት።"

"እና ምኑ ነው ያንተ? ካባ ተከራይቶ ሰርግ የሄደ ሰው አየህ? ማታ ይመልሰዋል። አንተ ደግሞ መመለሻም የለህ፤ ብርህም ሄደ፣ ጀግንነቱም የለ።"

ልጁ አፈረ። ለእግር ኳስ ጌምም ምሕረት የለውም፤ "ያሸነፈው ይጮሃል፣ የተሸነፈው ይሳደባል፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቤታቸው ይገባሉ" ይላል። የሚጠላው ግን የተኩሱን ዓይነት ነበር። ተኩስ መኖሩን አይደለም የሚጠላው። "ሰው ወድቆ ማንም የማያለቅስበት አገር ምን አገር ነው? አንዱ ሲሞት ሌላው ኪሱን ፈትሾ ያልፋል። እኔ ስጫወት ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ አሁን ሳስበው ያስጠላኛል።" መሸነፍ የሌለበትን ጌም ደግሞ ሞግዚት ይለዋል። ዝም ብሎ ሲያወድስህ የሚውል ሞግዚት።

እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ተጫውቶ ሲጠግብ የራሱን ጨዋታ ሠራ። ጨዋታው ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው። በስልክ ግሩፕ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሐዋሳ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ዱባይ ሆነው ይገባሉ። አንዱ ወፍጮ ቤት ያላት ሴት ይሆናል፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዱ ጠበል የሚያጠምቅ ባሕታዊ። አስናቀ የሆነውን ይተርካል፤ "ጉሙ ወርዷል፣ በር ላይ ሦስት የታጠቁ ቆመዋል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱ የሆኑትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ። ዕድል የሚወስነው ነገር ሲመጣ የሉዶ ዳይስ ይጥላል። የጨዋታውን አገር የቀዳው እዚሁ መንዝ ካለው ከጓሳ ተራራ ነው፤ ሣሩም ብርዱም ያው ነው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ከገባህ የሆንከውን ሰው ሆነህ ትቆያለህ። አንዱ በመሀል "ወንድሞች፣ እዚህ መብራት ጠፋ" ብሎ ቢጽፍ አስናቀ ይቆጣል። "በስምህ ማውራት ከፈለግህ ስልክ ደውል። እዚህ የመጣኸው ስምህን ለማሳረፍ ነው።"

ይሄን ሁሉ እኔም እየሳቅሁ እሰማው ነበር። እስከዚያ ድረስ ወድጄው ነበር ማለት ነው። ጉድ የፈላው የክፍሉ ጣራ ማፍሰስ የጀመረ ጊዜ ነው።

ክረምት ነበር፤ እሑድ ከሰዓት። አባቴ "ሳሎን ግባ፣ እዚያ ምን ያበሰብስሃል" አሉት። ገባና ጥግ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ቀጠለ። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እሱ የሚመጣለትን ጽሑፍ ለራሱ ድምፅ አውጥቶ የማንበብ ልማድ አለው። ያን ቀን ተጫዋቾቹ ሽፍታውን ይዘውታል፤ ይገደል የሚሉና ይታሠር የሚሉ ይከራከራሉ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ አባቴ ዳዊቱን ሳያጥፉ፣

"ዋስ ይጥራ!" አሉ።

አስናቀ ቀና አለ። "ምን አሉ ጋሼ?"

"ሰውየው ዋስ ይጥራ ነው የምልህ። ሳይሰማ ይገደላል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው?"

ጌም መሆኑን አላወቁም አልልም፤ ያውቃሉ። ግን ዕድሜ ልካቸውን ተከሳሽ ፊታቸው ሲቀርብ ዋስ ሲያስጠሩ የኖሩ ሰው፣ ያዝነው ሲባል ሲሰሙ አላስቻላቸውም። አስናቀ አፍታም ሳይቆይ "አንድ ሽማግሌ ከበሩ ላይ ሆነው ዋስ ይጥራ አሉ" ብሎ ጻፈው። ግሩፑ በሳቅ ተንጫጫ። ሽፍታው የሆነው ሰው አዲስ አበባ ባንክ የሚሠራ ነው ይባላል፤ ያ ሰው ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዋስ ሲለምን ዋለ። የዘረፋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ለመነ። ሁሉም እንቢ አሉ። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ያላት ሴት "እኔ ዋስ እሆነዋለሁ፣ ግን እህል ተሸክሞ ይክፈለኝ" አለች። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ይሄ ነው" አሉ።

አስናቀ ጓንቱን አውልቆ እጃቸውን ያዘ። "ጋሼ፣ ጌም ስጫወት ነው የኖርኩት። ጠላት የሚባለው ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል። ዋስ የሚጠራ ጠላት አይቼ አላውቅም። በሞቴ፣ ይግቡልን!"

አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸውን አየሁት። እኔ ሻዩን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ማንም አላየኝም። ኧረ በስማም! ስንት ዓመት ምግብ ሳቀርብላቸው ያላየሁትን ጥርስ፣ ጣራው ላፈሰሰበት ተከራይ ወለል አድርገው አሳዩት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ የእነሱ ሆነች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ አስናቀ ባናውን ደርቦ ይመጣል፣ ጣቶቹን እፍ እፍ ይላል፣ አባቴ "አያ ደምሴ" የሚባሉ የበር ጠባቂ ሽማግሌ ይሆናሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ አስናቀ የሌሎቹን ጽሑፍ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው በራሳቸው ስልክ ድምፃቸውን እየቀዱ ይመልሳሉ። እኔ ስገባ ፀጥ። አባቴ ወዲያው ዳዊታቸውን ያነሳሉ፤ አስናቀ ደግሞ "መምህርት፣ የገባ ይጫወታል፤ የማይጫወት አይገባም" ብሎ ይቀልድብኛል። በገዛ ሳሎናችን! ወጥቼ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። ገርበብ ካደረግኩት ዘንድ ደግሞ እዚያው እቆማለሁ። ምን ላድርግ? የአባቴን ድምፅ ያን ያህል ረዝሞ ሰምቼው አላውቅማ።

ለካ ሰውየው ወሬ ያውቃሉ! ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አያታቸው በቅሎ፣ እናቴን መጀመሪያ ቀየት ገበያ ላይ እንዴት እንዳዩዋት፣ ሁሉን በአያ ደምሴ ስም ያወሩታል። እናቴ ገብስ እየሸጠች ሳለ ተሳስታ ሁለቴ እንደሰፈረችላቸውና፣ ሳይናገሩ ይዘው ሄደው ማታ ሕሊናቸው ስላስጨነቃቸው በሳምንቱ ትርፉን ሊመልሱ እንደሄዱ የሰማሁት ከበር ኋላ ነው። እኔ ልጃቸው ነኝ። ለባንክ ሠራተኛና ለዱባይ ሰዎች ሲነገር ነው የሰማሁት።

ያንገበገበኝ ግን ሸዋዬ ናት።

ሸዋዬ በጨዋታው ውስጥ የአያ ደምሴ ልጅ ናት። ከጀርባዋ ማን እንዳለ አስናቀ አይናገርም፤ ሕጉ ነው። እኔ በሐሳቤ አንዲት ጥፍሯን የተቀባች የሐዋሳ ቆንጆ አድርጌያታለሁ። አስናቀ ጽሑፏን ሲያነብ ድምፁን ለስለስ ያደርጋል። "አባዬ፣ እንዴት ዋልክ? አባዬ፣ ራትህን በላህ?" አንተ ትላቸዋለች! አባቴን! እሳቸውም "ደህና ነኝ የኔ ልጅ" ይላሉ።

አንድ እሑድ ሸዋዬ በጎቹን ጉም ውስጥ ጣለቻቸው። ፈርታ ወደ ቤት አልመጣችም፤ ገደሉ አፋፍ ተቀምጣ "አባዬ፣ ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ?" ብላ ጻፈች። አስናቀ አነበበው። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ከፍ ብሎ መጣ፦

"በጎቹ ይጥፉ! አንቺ ግቢልኝ። ባዶ እጅሽን ነይ። አንቺ ከመጣሽ ምን ጎደለብኝ? መቼ ነግሬሽ አውቃለሁ እንጂ፣ ኩራቴ ነሽ እኮ።"

ዓይኔ ደም ለበሰ። ስምንተኛ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ ስሮጥ ስመጣ አባቴ ካርዱን አይተው "አንደኛ የወጣው ማነው?" ነው ያሉኝ። በጎቹን ሁሉ ላጠፋች ለማትታወቅ ሴት ግን ኩራቴ ነሽ!

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። አስናቀ አንድ ስልክ ፈታቶ ጎንበስ ብሏል።

"አስገባኝ" አልኩት።

"የት?"

"አታውቅም? ጨዋታው ውስጥ ነዋ!"

ጣቶቹን እፍ አለባቸው። "ማን ሆነሽ?"

"ልጃቸው ሆኜ። ያቺን ሸዋዬ አስወጣትና እኔ ልግባ።"

"ልጃቸውማ ነሽ። ለዚያ ጨዋታ አያስፈልግሽም።"

"አትፈላሰፍብኝ! የሰው አባት ቀምተህ..." እንባዬ መጣ፤ እሱ ፊት ማልቀሴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መፍቻውን አስቀመጠ። አልሳቀም። "ትዕግሥት፣ ስሚኝ። ሰው ፊቱን ሲሸፍን ይዋሻል ይባላል። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁት ሌላ ነው። ሰው ፊቱ ሲሸፈን ነው አፉ የሚፈታው። ጋሼ ዳኛ ናቸው፣ አባት ናቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ይሄ ሁሉ ፊታቸው ላይ ተከምሯል። አያ ደምሴ ግን ከእሳት ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። አንቺ ከገባሽ አያ ደምሴ ይሞታል። ዝም ይላሉ።"

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

"ቆይ" አለኝ። "ትንሽ ቆዪ።"

ቆይ! እኔ ስንት ዓመት ቆይቻለሁ! በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። ለብዙ ጊዜም ሰላምታ እንኳ በግድ ነበር የምሰጠው። እሱ ግን አኩርፎኝ አያውቅም፤ ግቢ ውስጥ ሲያገኘኝ "መምህርት፣ ዛሬም ተሸንፌያለሁ" እያለ ያልፋል። ማን እንዳሸነፈው አይናገርም።

ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተመላለሰ። እሑድ ግን አልቀረም፤ ባናውን በራሱ ላይ ተከናንቦ እየተንጠራወዘ ይመጣል። አባቴ ትራስ ከጀርባው ያደርጉለታል፤ እሱንም ከበር ኋላ አየሁት፣ በዚያም ቀናሁ። የመጨረሻዋ ቀን አባቴ "ዛሬስ ይቅር፣ ዕረፍ" ሲሉት፣ "ጋሼ፣ ጌም ኦቨር፣ ጨዋታው አለቀ የሚል ነገር ስጠላ! ተጫዋቹ ይለቃል እንጂ ጨዋታው ለምን ያልቃል? አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥ" አለ። ያን ቀን ለማንበብ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር፤ በማግስቱ ወንድሙ መጥቶ ወደ ሞላሌ ወሰደው።

ሞላሌ ሄደን ቀበርነው። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የመጡ ሦስት የማይታወቁ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ግዙፍ ነው፤ የሹፌር ጃኬት ለብሷል፣ ጺሙ እስከ ጆሮው ደርሷል። ድንኳኑን ቃኘና በጎርናና ድምፅ፣

"አያ ደምሴ የትኞቹ ናቸው?" አለ።

ለቀስተኛው ተያየ። አባቴ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። ሰውየው መጥቶ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ። "አባዬ" አለ እያለቀሰ፣ "እኔ ነኝ። ሸዋዬ ነኝ።"

የከባድ መኪና ሹፌር ነው! የኔ የሐዋሳ ቆንጆ! አባቴ ትንሽ አዩት፣ አዩትና ትከሻውን በእጃቸው ይዘው፣

"አድገሻል፣ ልጄ" አሉት።

በለቅሶ መሀል ሳቄ አመለጠኝ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። ሳቄ ሲያልፍ ግን ያው እሳት ተመልሶ መጣ። ጺማም ሹፌር መሆኑ ምንም አላቀለለልኝ። ያ ሰው ጉልበታቸውን አቅፎ ያለቅሳል፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እጄን የማኖርበት አጥቻለሁ።

ከለቅሶው በኋላ እሑድ መጣች። ምሳ በላን። አባቴ ሳሎን ቀሩ፤ እኔ ዕቃ አጣጥቤ ወጣሁ። ከዚያ እግሬ በልማዱ ወሰደኝና በሩ ጋ ቆምኩ። የሚሰማ ነገር አልነበረም። እፍታው የለ፣ ንባቡ የለ። ብርዱ በበሩ ሥር ይገባል። ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አስናቀን ጠላሁት፣ አባቴን ይዞብኝ ሄዷል አልኩ። አሁን ማን ያናግራቸዋል? እኔስ በማን በኩል ድምፃቸውን እሰማለሁ?

"ግቢ እንጂ" አሉ አባቴ ከውስጥ። "እዚያ ይበርድሻል።"

በሩን ገፋሁት። ዳዊታቸውን አላነሱም።

"እዚህ እንደምቆም ያውቁ ነበር?"

"አስናቀ ነው። 'ጋሼ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ትዕግሥት በሩ ጋ ናት' ይለኝ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መሬት መሬት አዩ። "በጎቹ ከመጥፋታቸው በፊት" አሉ።

አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔም ቀናሁ፣ አልደብቅም። አባቴ 'ኩራቴ ነሽ' ያሉት ለእኔ ኖሯል፤ ያን ለማለት ግን አስናቀ አስፈለጋቸው። ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አቀበሉኝ። "ሸዋዬ የጻፈች መሰለኝ፤ ሲጮህ ነበር። ዓይኔ አያይም፤ አንብቢልኝ።"

ከፈትኩት። ሹፌሩ ጽፏል። ድምፄን ጠርጌ ጀመርኩ፤ "አባዬ፣ ጉሙ ወርዷል..." ቀጥሎ ያለው አልወጣ አለኝ። በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም።

"በደንብ አንብቢው እንጂ" አሉኝ፣ "አስናቀ እንደዚያ አልነበረም የሚያነበው።"

"አባዬ፣ ጉሙ ወርዷል። ብቻህን ነህ እንዴ?"

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ስልኩም እኔ ዘንድ ነው፣ ድምፅ መቅጃውን ማንም አልተጫነውም።

"አይደለሁም ልጄ" አሉ።

ለሸዋዬ ያን ቀን መልስ አልላክንላትም። ትጠብቅ።